ቆማ የምታጨስ መኪና

መኪናዋ ስትሮጥ እንከን አይወጣላትም ነበር፤ ጉዷ የሚታየው ስትቆም ነው። በውድድር ሜዳ ስትከንፍ ከኋላዋ አቧራ እንጂ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ተወዳዳሪዋ እግሯን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንስታ፣ መኪናዋ ቦታዋ ላይ ቆማ በሚኒሞ ስትንዶቀዶቅ ግን ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ እየተግተለተለ ይወጣና ጋራዡን እስከ ጣሪያው ይሞላዋል። ነዳጅ ሲጨምሩላት ይሳሳል፤ አጥብቀው ሲረግጡባት ጭራሽ ይጠፋል። መልሳ ስትረጋጋ ደግሞ ይመጣል። ጎረቤት ያለው አናጢ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ምን እያቃጠላችሁ ነው፣ ጎበዝ፣ ይላቸው ነበር። ለሱ ቀልድ ነው። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ግን በዚያ ጭስ ላይ የአንድ ሰው ዕጣ ተንጠልጥሎ ስለነበር የሳቀ አልነበረም።

የጋራዡን ባለቤት ሰው ሁሉ ጋሽ ሦስት ማዕዘን ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ሥራ ፈት መካኒኮች ናቸው። እሱ የሚሠራው ሞተር እንደሌላው ሞተር ሽቅብ ቁልቁል የሚል ፒስተን የለውም፤ ጎናቸው ያበጠ፣ ሦስት ማዕዘን የሆኑ ብረቶች በየቤታቸው ውስጥ ይሽከረከራሉ፣ በቃ። ሌላው ሁሉ ይህን ሞተር መንካት ሲፈራ እሱ ደፍሮ ገባበትና ስሙ ተለጠፈበት። ለባሕርይውም የሚሆን ስም ነበር፤ በየትኛውም በኩል ብትጠጉት የሚወጋ ጥግ አያጣም። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ለተቸገረ የሚደርስ፣ የሰው ሐቅ የማይነካ ሰው ነው። ግን አንዴ የጠረጠረውን ነገር ሰማይ ቢወርድ ከልቡ አያወጣለትም።

እሱ ሞተር ይፈታል፣ ይመረምራል፣ ይፈርዳል፤ የሚገጥመው ግን ታናሽ ወንድሙ ነበር። ታናሹ ዝምተኛ፣ ረጃጅም ጣት ያለው ሰው ነው፤ ለሌላው እምቢ ያለ ብረት ለሱ እንደ ጨዋ ልጅ ይታዘዛል። ክፋቱ፣ ይጠጣ ነበር። አንድ ጊዜ ጠጥቶ የገጠመው ሞተር ውድድር መሃል ተበተነና ነጂው ለጥቂት ተረፈ። ያን ጊዜ ታላቁ ታናሹን በሰው ፊት አቁሞ፣ ከእንግዲህ በእጅህ የተገጠመ አንድ ሞተር ቢያሳፍረኝ ወንድሜ ነህ ብዬ አልምርህም፣ ከዚህ ቤት ትወጣለህ ብሎ ማለ። ታናሹም «እሺ ጋሼ» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም። ከጓደኞቹ ተለየ፤ መጠጥ ቤቱን እንዳያይ ወደ ቤቱ የሚሄድበትን መንገድ እንኳ ቀየረ። እሱ መጠጡን ተወ፤ ታላቁ ግን ጥርጣሬውን አልተወም። ጠዋት ታናሹ እንዴት አደርክ ሲለው፣ ሰላምታውን ከመመለሱ በፊት ዓይኑን ቀልቷል አልቀላም ብሎ ያይ ነበር። ታናሹ ይህን ያውቃል። አውቆም ችሎ ኖረ፤ የበደለ ሰው ዓይኑን ሲያዩት መታገስ አለበት ብሎ።

ተወዳዳሪዋ የታላቁ ልጅ ናት። እንደ አባቷ ግትር፣ እንደ አጎቷ ዝምተኛ ናት፤ ከሁለቱም የወረሰችው የባሰውን ነው እያለች እናቷ ታሾፍባታለች። የዘንድሮን ሞተር የገጠመላት አጎቷ ነው። አባቷ ትከሻው ላይ ሳይቆምበት ለብቻው እንዲገጥም የተፈቀደለት የመጀመሪያው ሞተር ነበር፤ እሱም እንደ ሙሽራ ሲያስጌጠው ነበር የከረመው። ጭሱ የመጣው በዚህ ላይ ነው። እንግዲህ ጭሱ ከውጭ ከሆነ ታናሹ ተረፈ። ከሞተሩ ሆድ ከሆነ ግን መሐላው አለ፣ ወጣ ማለት ነው። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን ከአፋቸው አላወጡትም።

መጀመሪያ ውሃውን አዩ። የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ውስጥ ሲገባ ጭሱ ነጭ ይሆናል፣ ሽታውም ጣፈጥ ይላል። ይኸኛው ሰማያዊ ነው፤ ጉሮሮ የሚከረክር የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ራዲያተሩም ሙሉ ነው። ውሃ አይደለም ተባለ። ቀጥሎ ቱርቦው ተጠረጠረ። ለሞተሩ አየር የሚገፋው የቱርቦ ዘንግ የሚሽከረከረው በዘይት ረጥቦ ነው፤ ማፈኛው ከተበላ ዘይቱን ወደ ማርሚታው ይተፋውና መኪና ስትቆም እንዲህ ያጨሳል። ታናሹ ቱርቦውን ሲፈታ እጁ ፈጠነ፤ ተስፋው እዚያ ነበራ። ታላቁ ዘንጉን ይዞ ወዘወዘው፤ አይነቃነቅም። የዘይት መመለሻ ቱቦውን ነፋበት፤ ክፍት ነው። አየር በሚስብበት በኩል ነጭ ጨርቅ አስገብቶ ጠረገ፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ጨርቁን ለወንድሙ ዘረጋለት። ታናሹ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ቱርቦውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ታላቁ የቀረውን በልቡ ጨርሶታል። ከሦስት ማዕዘኖቹ ብረቶች ግራና ቀኝ የዘይት ፋሻ የሚባሉ ስስ ቀለበቶች አሉ፤ ከበታቻቸው ቀጫጭን ሞላዎች ይገፏቸዋል። ሥራቸው ዘይቱ ወደሚቃጠልበት ክፍል እንዳያልፍ መጥረግ ነው። በግራ መግባት ያለባት ሞላ በቀኝ ከገባች ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ዘይቱን ይስበዋል፤ ሲሮጥ ግን አይታወቅበትም። ልክ እንዲህ። ይህ ደግሞ የብረት ሳይሆን የገጣሚ ጥፋት ነው።

እዚህ ላይ ታላቁ የሚያውቀው፣ ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር አለ። ይህ ሞተር በጤናውም ትንሽ ትንሽ ዘይት ይበላል፤ ብረት ከብረት እንዳይፋጅ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ጠብ ጠብ እያደረገች ታበላዋለች። ውድድሩ ሲቃረብ ታላቁ ብቻውን ሆኖ የዚያችን ፓምፕ ቡሎን በካቻቢቴ ከልኳ አሳልፎ ከፍቷት ነበር። ለምን ቢሉ፣ ወንድሙ ለብቻው የገጠመውን ሞተር አላመነውማ። ዘይት በዛ ካለ፣ ስህተት ቢኖርም ይሸፍናል አለ በሆዱ። አሁን ትዝ አለችው። ልመልሳት ቢል ወንድሙ አጠገቡ ቆሟል፤ ማን ከፈታት ይለዋል። ደግሞ ያችን ታህል መክፈት ብቻዋን ይህን ሁሉ ጭስ አታመጣም ብሎ አሰበ፤ ይህስ እውነቱን ነው። ስለዚህ ተዋት። ሰው ለራሱ ጥፋት ምን ጊዜም ጠበቃ አያጣም።

ካንዴላዎቹን አወጧቸው። ከሞተሩ ሁለት ክፍሎች፣ ከፊተኛው የወጡትም ከኋለኛው የወጡትም እኩል በዘይት ረጥበው ጠቁረዋል። ታናሹ አንዷን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ሌላዋንም አስጠጋ፣ ከዚያ ቆም ብሎ አሰበ።

«ጋሼ፣ የሁለቱም ክፍል እኩል ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ፋሻ ቢሆን አንዱ ይብስ ነበር።»

«እኩል ከሆነ ሁለቱንም አበላሽተሃል ማለት ነዋ።»

ታናሹ ሌላ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ታላቁ ተጠጋው፤ አገጩን ይዞ ቀና አደረገና አፉን አሸተተው። አዎ፣ ጎልማሳ ሰውን፣ የእናቱን ልጅ፣ ከረሜላ እንደ ሰረቀ ሕፃን አገጩን ይዞ አሸተተው። ምንም አልሸተተውም። ምንም አለመሽተቱም አላሳፈረውም፤ ዛሬ ባይጠጣ ሲገጥም ጠጥቶ ይሆናል አለ ለራሱ። የታናሹ አፍ ተከደነ።

«ቃላችን ቃል ነው» አለ ታላቁ። «ዕቃህን ሰብስብ።»

ታናሹ አልተከራከረም። መከራከር የለመደ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። እጁን ታጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ የሥራ ልብሱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ የራሱ የሆኑትን መፍቻዎች ብቻ ለይቶ በከረጢት ያዘ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ደህና ዋል ጋሼ አለ። ያችን ሰላምታ እንኳ የመለሰለት የለም።

ልጅቷ ስትመጣ አጎቴስ አለች። አባቷ ዓይኗን ሳያይ፣ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ አላት። እውነቱን ቢነግራት እንደምትጣላው ያውቃል፤ ውድድሩም ደርሷል፤ ነገር ማብረዱ ነው። እሷም አመነችውና ሳይሰናበተኝ ብላ አጎቷ ላይ አኮረፈች። እናትየዋ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ ብሏት፣ ምን አድርጎህ ነው፣ አንድ ወንድም ነው ያለህ እያለች ትነዘንዘዋለች። እሱም አንቺ በማታውቂው አትግቢ ይላታል። በዚያው ሰሞን አንድ መካኒክ መጥቶ ወንድምህን መጠጥ ቤት በር ላይ ቆሞ አየሁት ሲለው፣ አላልኳችሁም ብሎ ደረቱን ነፋ። ሰውየው በር ላይ ቆሞ አለ እንጂ ገባ አላለም። ታላቁ ያችን ልዩነት የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም፤ ሰው የፈለገውን ወሬ ሲያገኝ ጫፉን ይዞ ነው የሚሮጠው።

ሞተሩን ብቻውን ፈታው። የፈታውም ጥፋት ሊፈልግ ሳይሆን የፈረደበትን ጥፋት በዓይኑ ሊያይ ነው። አላገኘም። ፋሻዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ሞላዎቹ በየቦታቸው፣ በየአቅጣጫቸው ተቀምጠዋል፤ ታናሹ እንዳይሳሳት ብሎ የግራዎቹን በአንድ ቀለም፣ የቀኞቹን በሌላ ቀለም ጫፋቸውን ነክቷቸው ነበር፤ ነጥቦቹ እንደተነኩ አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የሰከረ እጅ አይሠራውም፤ ጋሽ ሦስት ማዕዘን ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል። እዚያው መፍቻውን ጥሎ ወንድሙን ፍለጋ መሮጥ ነበረበት። ምን ዋጋ አለው፣ ተሳስቻለሁ ማለት ለሱ ጥርስ ከማስነቀል ይብሳል። በዓይን የማይታይ ጉድለት ይኖራል አለና ፋሻዎቹን በአዲስ ቀይሮ ራሱ ይገጥም ጀመር።

መግጠም እንደ መፍታት አይደለም። ሞላዋ ከጣቱ እያመለጠች ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ ተንበርክኮ ይፈልጋታል። መነጽሩ በላብ ይጋረዳል። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አቀብለኝ ይልና የሚያቀብለው እንደሌለ ትዝ ሲለው እጁን ይሰበስባል። የፓምፗን ቡሎን አሁንም ሳይነካ፣ እንደምንም ገጥሞ ጨረሰና አስነሳት። ጭሱ እንደ ወትሮው፣ እንዲያውም ብሶበት፣ ተግተለተለ። አናጢው በመስኮት ብቅ አለ፤ ፊቱን ሲያይ ግን ቀልዱን ዋጥ አድርጎ ተመለሰ።

በማግሥቱ ልጅቷ የቤንዚን ጀሪካን ተሸክማ መጣች። ነዳጅ ማምጣት የሷ ሥራ ነው፤ ማንም ምን ይዘሽ መጣሽ ብሏት አያውቅም። አባቷ ከመኪናዋ ጀርባ ቁጭ ብሎ ስለነበር አላየችውም። ጀሪካኑን ከፈተች፣ ከቦርሳዋ የሞተር ሳይክል ዘይት አወጣች፣ በክዳኑ እየለካች አንቆረቆረችበት፤ ከዚያ ደግሞ ሳትለካ ትንሽ ደገመችው።

«ምንድነው የምታደርጊው?» አለ አባቷ።

ደነገጠች፣ ግን አልዋሸችም። አንድ አንጋፋ ተወዳዳሪ፣ ያች ትንሽ ፓምፕ በከባድ ሩጫ ለሞተሩ አትደርስለትም፣ የድሮ ሰው ሁሉ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚቀላቅለው ብሏት ነበር። ለአባቷ ብትነግረው አንቺ ማነሽና እንደሚላት ታውቃለች። ስለዚህ ለክፉም ለደጉም ብላ፣ ከተባለችውም ጨመር አድርጋ፣ ከውድድሩ ወቅት መጀመሪያ አንስቶ በስውር ስትቀላቅል ከርማለች። ማጨሷን አይታለች፤ ይህ ሞተር መቼም ጭስ አያጣውም ይባላል ብላ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

ታላቁ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። በአንድ በኩል ልጁ ታጠጣዋለች፣ በሌላ በኩል እሱ ያጠጣዋል፤ እሷ ፓምፗን ሳታምን፣ እሱ ወንድሙን ሳያምን። ሁለቱም ለሞተሩ አስበው፣ ሁለቱም ተደብቀው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኸ ነው፤ ሁለት ሰው ያጠጣው ሞተር አጨሰና ምንም ያላጠጣው ሰው ተባረረ።

«ለዚህ ነው እንዴ ሞተሩን የፈታኸው?» አለች ልጅቷ። ከዚያ ፊቷ እየተለወጠ መጣ። «አጎቴም ለዚህ ነው የሄደው?»

አባቷ የጀሪካኑን ክዳን ከእጇ ተቀብሎ ከደነው።

«ሌላ ሥራ አገኘ አላልከኝም? እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ እኮ ያኔውኑ እነግርህ ነበር፣ አባዬ።»

የዋሸው ቤቱ እንዳይታመስ ነበር። ወንድሙን ልታድነው ትችል የነበረችውን አንዲት ቃል ልጁ አፍ ውስጥ የቆለፈባት ግን ያው የራሱ ውሸት ነው። ይህ ሲገባው ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ቤንዚኑን አውጥተው ንጹሕ ሞሉባት። ፓምፗንም ወደ ልኳ መለሳት፤ አሁን ልጁ እያየችው ነው። መኪናዋ የቀረባትን እየሳለች ጥቂት አጨሰች፣ ሳሳ አለች፣ ከዚያ ጭሱ ጠፋ። ቆማ በሚኒሞ ትንዶቀዶቃለች፤ ከማርሚታዋ የሚወጣው አየር ከበስተጀርባው ያለውን ግድግዳ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያስጨበጭብ ነገር ነበር። ልጅቷ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና አጎቴን ሳታመጣው አታናግረኝ ብላ ወጣች።

ወንድሙን ያገኘው ከከተማው ዳር፣ የጭነት መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ላይ፣ አንድ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ጎማ ሲጠግን ነው። ያ ሞላ በጣቱ ጫፍ የሚያስቀምጥ እጅ የከባድ መኪና ጎማ በመዶሻ እየደበደበ ነበር። ሲያየው አልተቆጣም፣ አልሸሸም። እንዴት ዋልክ ጋሼ አለው፤ መዶሻውን ግን አላስቀመጠም። ከስቷል እንጂ ዓይኑ ንጹሕ ነው። ታላቁ መንገዱን ሙሉ ሲያሰናዳው የመጣው ንግግር ሁሉ ድራሹ ጠፋበት።

«ጥፋቱ ያንተ አልነበረም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ነበረበት። ልጅቷ ናት። እኔም ደግሞ ፓምፗን…»

«እሱንም አውቃለሁ። ቡሎኗ ላይ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት አይቻለሁ። ካንዴላዎቹን ሳሸታቸው ደግሞ የሞተር ሳይክል ዘይት ሸተተኝ።»

ታላቁ ክው አለ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርህ አፌን ስከፍት አሸተትከኝ።»

ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ፣ ቢሰድበው፣ መዶሻውን ቢወረውርበት ለታላቁ ይቀለው ነበር፤ ለስድብ መልስ አያጣም። ይቅርታ አለ። በዕድሜው ብዙ ያላላት ቃል ናትና አፉ ውስጥ ተንገዋለለችበት። ቦታህ እንዳለ ነው፣ ልብስህም ከሚስማሩ አልወረደም፣ ልጅቷም አኩርፋኛለች፣ ሞተሩንም እኔ የገጠምኩት አያምርምና አንተ ፈትተህ ግጠመው እያለ ለመነው። ለመነው ነው የምላችሁ፣ ጋሽ ሦስት ማዕዘን። ታናሹ ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። አንዴ ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለና ታላቁ ተስፋ አደረገ።

«ልጅቷን፣ ሳልሰናበትሽ በመሄዴ አትቀየሚኝ ብሏል በልልኝ» አለ ታናሹ። «እኔ ግን እዚሁ ነኝ ጋሼ። እዚህ ጎማ ሲተነፍስ የሚፈለገው የወጋው ሚስማር ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ሥራ መቆሙን አይቶ ከውስጥ ወጣ፤ እጁን ወደ ታላቁ ጠቁሞ ማነው ሰውዬው ብሎ ጠየቀ። ታላቁ ወንድሜ ነው የምትለዋን ቃል ጠበቀ። እንዲያውም ሊጨብጠው እጁን ወደ ባለቤቱ መዘርጋት ጀምሮ ነበር።

«ደንበኛ ነው» አለ ታናሹ። «ጎማው አየር አንሶት።»

የአየሩን ቱቦ ጎትቶ አመጣና በወንድሙ መኪና ዙሪያ ጎንበስ ቀና እያለ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ለካ፤ እውነትም የኋላ ግራው አንሶት ነበር። ሞላው። ክዳኖቹን በነዚያ ረጃጅም ጣቶቹ መልሶ አጠበቃቸው። ታላቁ ሳይጨበጥ የቀረውን እጁን ሰብስቦ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ታናሹም ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚያደርገው የመኪናውን ጣሪያ መታ መታ አደረገና ወደ ከባዱ ጎማ ተመለሰ።